በከፊል የተመረጠ፣ ለሁሉ የተሾመ

በዐሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት መባቻ የየጁው ራስ ጉግሣ መርሶ ደብረ ታቦርን ቆርቁረው ከጉና ተራራ አጠገብ መቀመጫቸውን ባጸኑ ጊዜ፣ ኢትዮጵያ ሁለት ርእስ ያላት አገር ሆና ነበር፤ ዘውዱ በጎንደር ግንብ ተቀምጦ ስሙ በቅዳሴ ሲጠራ፣ ጦሩና ግብሩ፣ ሹመቱና ሽረቱ ግን ከዚያ ወደ ደቡብ በደብረ ታቦር እልፍኝ ይወሰን ነበር። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ስድስት ጊዜ ዙፋን ላይ ወጥተው ስድስት ጊዜ የወረዱት ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ «ፍጻሜ መንግሥት» ተብለው ሲታወሱ፣ ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ነገሥታት ደግሞ ያን ያህል እንኳ መታሰቢያ ሳይተርፍላቸው፣ ራሶቹ ሲሹ ያነግሧቸው፣ ሲጠሉ ያወርዷቸው ነበር። ከጉግሣ ቀጥሎ ልጆቻቸው ይማም፣ ማርዬና ዶሪ፣ በመጨረሻም የልጅ ልጃቸው ራስ አሊ አሉላ በዚያው መንበር ተፈራረቁበት።

የዚያ አገር ልጆች የሆንን ሁሉ፣ ከፋርጣ እስከ እስቴ፣ ከጋይንት እስከ ወንዛዬ ፍል ውኃ፣ ከአባቶቻችን የተቀበልነው አንድ ትምህርት አለ፤ ይኸውም ሥልጣን ሲከፈል አገር ይከፈላል፣ ስለዚህም የመከራ ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ብርቱ ክንድ ነው የሚል ነው። ይህን ትምህርት አላቃልለውም፤ የተገኘው ከሕማም ነውና። ዛሬ የአንዱን መስፍን ወታደር፣ ነገ የሌላውን እየቀለበ ጎተራውን የጨረሰ ባላገር አንድ ጌታ ቢመኝ ማን ይፈርድበታል? ነገር ግን መንግሥት በቅብዐት ወይም በጦር ሳይሆን በድምፅ ይያዛል በሚባልበት በአሁኑ ዘመን፣ ይኸው የቆየ ፍርሀታችን ወደ ምርጫው ሣጥን አብሮን እየገባ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮችን አደባልቆብናል፤ የሥልጣንን መከፈልና የልብን መከፈል። የፊተኛው ሕግ ሊያበጀው የሚችል የአስተዳደር ሥርዓት ሲሆን፣ የኋለኛው የነፍስ ደዌ ነው፤ እኛም ኋለኛውን እናድናለን እያልን ፊተኛውን ስንቈርጥ ኖረናል።

ከሕዝቡ በከፊሉ ድምፅ የተመረጠ ሰው ለሕዝቡ ሁሉ መሪ የሚሆነው በምን ሥልጣን ነው? የጠሉትና ድምፃቸውን የከለከሉት ሰዎች በእርሱ ላይ ምን መብት አላቸው፣ እርሱስ በእነርሱ ላይ? የመረጡት ሰዎችስ በመረጡት ቀን ኅሊናቸውን አብረው አስረከቡት ወይስ ለራሳቸው አስቀሩት? እነዚህ ጥያቄዎች የሕግ ሊቃውንት የሚጨርሷቸው አይመስሉኝም፤ ከሕጉ በስተኋላ የቆመ ሃይማኖታዊ ነገር አለባቸውና።

በዚህ ነገር ቀድመው የተፈተኑት አሜሪካውያን ናቸው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንታቸው ጆርጅ ዋሽንግተን በ1796 እ.ኤ.አ. ሕዝባቸውን ሲሰናበቱ የወገንን መንፈስ አጥብቀው እንዲጠነቀቁ ቢመክሩም፣ ምክሩ ገና ሳይረሳ፣ በ1800ው ምርጫ ቶማስ ጄፈርሰንና አሮን በር እኩል ሰባ ሦስት ሰባ ሦስት የመራጮች ድምፅ አግኝተው፣ የተወካዮቻቸው ምክር ቤት ከሁለቱ አንዱን ለመለየት ሠላሳ ስድስት ጊዜ ድምፅ ለመስጠት ተገዷል። ሕገ መንግሥታቸውን የጻፉት ሰዎች፣ መራጮች የበቃውን ሰው ፈልገው ይሾማሉ እንጂ በሁለት ጎራ ተሰልፈው ይመጣሉ ብለው ስላላሰቡ፣ ሁለተኛ የወጣውን ምክትል ፕሬዚዳንት የሚያደርገውን ሥርዓት በ1804 እ.ኤ.አ. ማሻሻል ግድ ሆነባቸው። ጄምስ ማዲሰን ግን አስቀድሞ የወገን መንፈስ ከሰው ባሕርይ የሚነቀል እንዳልሆነ ተረድቶ፣ መንሥኤውን ለማጥፋት ከመድከም ይልቅ ሥልጣንን ከፋፍሎ ጉዳቱን መግታት ይሻላል ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን አልፎ፣ በ1968 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ኒክሰን ሲመረጡ፣ ሁለቱም ምክር ቤቶች በተቃራኒው ፓርቲ እጅ ሳሉ ሥራ የጀመሩ፣ ከ1848ቱ ከዛካሪ ቴይለር በኋላ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ከእርሳቸው ወዲህ ግን ፕሬዚዳንቱ ከአንዱ፣ ምክር ቤቱ ከሌላው ወገን መሆኑ የተለመደ ነገር ሆኗል። ይህ በረከት ነው ወይስ መርገም እያሉ እነርሱ ራሳቸው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ማዲሰን የሠራው አጥር ገና ቆሟል፤ የተለወጠው የሰዉ ልብ ነው፤ ዜጋው ወገኑ ባጠፋ ጊዜ ማፈርን ትቷልና።

ወደ ደብረ ታቦር እንመለስ፤ ሥልጣን ያለ ኪዳን ሲከፈል ምን እንደሚመስል ከዚያ በላይ የሚያስረዳ ቦታ አላውቅም። በ1834 ዓ.ም. የስሜንና የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ውቤ፣ ያን ጊዜ ከግብጽ የመጡትን አቡነ ሰላማን ከጎናቸው አድርገው፣ ራስ አሊን «በልቡ እስላም ነው» በሚል ክስ ከስሰው፣ ጦራቸውን ወደ ደብረ ታቦር አዘመቱ። ጦርነቱ ከከተማው አጠገብ ተደረገ፤ ራስ አሊ ሸሹ፤ ውቤም ድል አደረጉ። ድል አድራጊው በግብር ላይ ተቀምጠው ሳለ ግን፣ የራስ አሊ ወገን የሆኑት ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሰው ከልጃቸው ጋር ማረኳቸው፤ ድሉም በአንድ ቀን ሽንፈት ሆነ። ራስ አሊም ኋላ ምርኮኛቸውን ፈትተዋቸዋል። ይህን ታሪክ ሰው ሲሰማው ይሥቃል፤ ለሣቁም ምክንያት አለው። ሣቁ ካለፈ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ግን፣ ያ ሁሉ ደም ፈስሶ ምን ተወሰነ የሚለው ነው፤ አሸናፊው ለተሸናፊው የሚገባውን፣ ተሸናፊው ለአሸናፊው የሚገባውን የሚናገር አንድም የተጻፈ ወይም የተማለለት ሕግ አልነበረምና፣ ጧት የወሰነውን ጦር ማታ ሌላ ጦር ይሽረው ነበር። ራስ አሊም ከምርኮኛቸው ጋር የታረቁት በደግነት ይሁን በስሌት፣ ዕርቁ የሁለት ሰዎች ዕርቅ ብቻ ሆኖ ቀረ፤ የፋርጣ ባላገር በዚያ ዕርቅ ውስጥ ድርሻ አልነበረውም።

የባሰው ግን ሃይማኖት ለወገን መጠሪያ መሆኑ ነበር። የዚያ ዘመን ሊቃውንት ሥጋ በምን ከበረ ብለው በቅባት፣ በጸጋና በተዋሕዶ ሲከራከሩ የነካኩት ምሥጢር ከምሥጢራት ሁሉ የጠለቀ ነውና፣ ዛሬ አንዳንድ ሰዎች እንደሚያደርጉት እነዚያን ሊቃውንት በከንቱ ክርክር ዕድሜያቸውን እንደ ጨረሱ ሰዎች አድርጎ ማየት አላዋቂነት ነው። ነገር ግን የጎጃሙ መስፍን አንዱን ባህል፣ የትግሬው ሌላውን፣ የሸዋው ሦስተኛውን ሲይዝ፣ ደብተራውም መልሱን ከመጽሐፍ ከመፈለግ ይልቅ የሚያድርለትን ደጃዝማች ማየት ሲጀምር፣ ክርክሩ እውነትን መፈለጉ ቀርቶ የጦር ዓርማ ሆነ። ዐፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. ምኒልክ ባሉበት በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አስደርገው ነገሩን በተዋሕዶ ዘጉት፤ የጉባኤው ውሳኔ የቤተ ክርስቲያናችን ሃይማኖት ስለሆነ እቀበለዋለሁ፤ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የተከፋፈለ ልብ ግን በአንድ ጉባኤ ይገጥማል ማለት አይቻልም።

ከመሳፍንቱ ቀጥሎ የመጣው መድኃኒት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በሰኔ 1845 ዓ.ም. ራስ አሊን በአይሻል ድል አድርገው፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ከአቡነ ሰላማ እጅ ዘውድ ሲጭኑ፣ የተከፈለው ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ ተጠቃለለ፤ የአንድነቱም ብርሃን እስከ ዛሬ ድረስ ከዓይናችን አልጠፋም። እኔም እንደ አገሬ ሰው ሁሉ እርሳቸውን ሳስብ ልቤ ይሞቃል። ነገር ግን መሳፍንቱ የቆረቆሯት ደብረ ታቦር በመሳፍንቱ አልጠፋችም። በጋፋት የአውሮፓ ሠራተኞችን አስቀምጠው ሴባስቶፖልን ያሠሩት ንጉሥ፣ በ1859 ዓ.ም. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት አቃጥለው፣ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ወደ መቅደላ ጉዞ ሲጀምሩ ደብረ ታቦርንም በእሳት ለቀዋት ሄዱ። ሁለት ጌታ በነበረው ዘመን፣ አንዱ የበደለው ሰው ወደ ሌላው ይሸሽ ነበር፤ ገዳምና ደብርም የተማፀነውን ያስጥል ነበር። አንድ ጌታ በሆነ ጊዜ ግን መሸሻው ጠፋ፤ አቡኑም በመቅደላ እስረኛ ሆነው ሞቱ። ከዚህ የምረዳው አንድነት መጥፎ ነው ማለትን አይደለም፤ የልብ መከፈል ሥልጣንን በማጠቃለል እንደማይድን ነው፤ ንጉሡ በመጨረሻ የተጣሉት ከመሳፍንት ጋር ብቻ ሳይሆን ከገዛ ሕዝባቸው ጋር ነበርና።

ሕዝብ መሪውን ሲመርጥ የሚሆነውን ከቅዱሳት መጻሕፍት ብንፈልግ፣ በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል የተጻፈው የሳኦል ነገር ከሁሉ ይልቅ ለዘመናችን የቀረበ ነው። ሕዝቡ ንጉሥ በፈለገ ጊዜ ሳሙኤል ልጆቻችሁን ለሠረገላ፣ እርሻችሁን ለአሽከሮቹ ይወስዳል ብሎ አስጠነቀቀ፤ አልሰሙትም፤ በምጽጳም ዕጣ ተጣለ፤ ዕጣውም በነገድ፣ ከዚያም በወገን እየጠበበ ሄዶ በዕቃ መካከል ተሸሽጎ በተገኘው በቂስ ልጅ ላይ ወጣ። በዚያች ቀን ግን ሁሉ አልተቀበሉትም። ይህ እንዴት ያድነናል ብለው የናቁትና እጅ መንሻ ያላመጡለት ሰዎች ነበሩ፤ ሳኦልም እንዳልሰማ ሆነ። ከዚያ በኋላ አሞናውያን ኢያቢስ ገለዓድን በከበቡ ጊዜ ሳኦል ዘምቶ ድል አደረገ፤ ያን ጊዜ ሕዝቡ ወደ ሳሙኤል መጥቶ፣ ሳኦል አይንገሥብን ያሉትን ሰዎች አምጧቸውና እንግደላቸው አለ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አስተውላለሁ። ደም የጠየቀው ንጉሡ አልነበረም፤ የንጉሡ ደጋፊ ነበር፤ የወገን መንፈስ ብዙ ጊዜ ከተመራጩ ይልቅ በመራጩ ልብ ይበረታልና። ጥያቄው የቀረበውም ለሳሙኤል ሲሆን መልሱን የሰጠው ሳኦል ራሱ ነው፤ እግዚአብሔር ለእስራኤል ድኅነት ባደረገበት ቀን ማንም አይሞትም ብሎ ከለከለ። ወደ ጌልገላም ሄደው መንግሥቱን እንደገና ባጸኑት ጊዜ፣ የናቁት ሰዎች በሕይወት ነበሩ፤ የዚያ መንግሥት መሠረት እነርሱን ያላገለለ መሆኑ ነው። በከፊል የተመረጠው ለሁሉ የተሾመ የሆነው በዕጣው ቀን ሳይሆን ድል አድርጎ መበቀል በሚችልበት ቀን፣ የናቁትን ባስጣለበት ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁ።

የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም በተቃራኒው የሽማግሌዎቹን ምክር ትቶ አብሮ አደጎቹን በሰማ ጊዜ ዐሥሩ ነገድ ተለዩት፤ ክብረ ነገሥት ቀዳማዊ ምኒልክን የሰሎሞን በኵር ስለሚያደርገው፣ ያ ጠብ ለእኛ የሩቅ ሰዎች ጠብ አይደለም፤ የወንድማችን ጥፋት ነው ቢባል ያስኬዳል። ጥፋቱም ከአብሮ አደጎቹ ሌላ ድምፅ አለመስማቱ ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ፕሬዚዳንትነት እንምጣ። በ1980 ዓ.ም. ዋዜማ ብሔራዊ ሸንጎው መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን የሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊት ኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት አድርጎ ሲመርጥ፣ ዘውዱ፣ ጦሩና ፓርቲው በአንድ ሰው ተጠቀለሉ፤ ስለዚያ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ያየን አይተነዋልና። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን ሌላ ነገር አሰበ። በሰባኛው አንቀጹ ፕሬዚዳንቱን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲያቀርበው፣ ሁለቱ ምክር ቤቶች በአንድነት ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንዲመርጡት፣ የምክር ቤት አባል ከሆነም ወንበሩን እንዲለቅ፣ ዘመኑም ስድስት ዓመት ሆኖ ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይመረጥ ደነገገ፤ የማስተዳደሩን ሥልጣን ግን ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰጠው። ይህን ሳነብ ጎንደርና ደብረ ታቦር ትዝ ይሉኛል፤ ርእሰ ብሔሩ በአንድ ግንብ፣ ገዥው በሌላ እልፍኝ። ልዩነቱ ይህኛው በሕግ የተጻፈ መሆኑ ነው፤ ልዩነቱም ትንሽ አይደለም። አሳቡ መልካም ነበር፤ በአገሪቱ ላይ ማንም ወገን የእኔ ብቻ ሊለው የማይችል አንድ ሰው ይኑር የሚል ነው።

ሰው ግን የማንም ሳይሆን መኖር ይችላል? በነሐሴ 1987 ዓ.ም. የተመረጡት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ በዘመናቸው መጨረሻ፣ በ1993 ዓ.ም. ገዥው ግንባር በውስጡ በተናወጠ ጊዜ፣ ከፓርቲያቸው ጋር ተለያዩ፤ ፕሬዚዳንቶች ከሥልጣን ሲወርዱም ከወገን ፖለቲካ ርቀው እንዲኖሩ፣ ይህን ካፈረሱ ግን መንግሥት የሚሰጣቸውን መኖሪያና ጥቅም እንዲያጡ የሚል ሕግ ወጣ። እርሳቸውም በ1997ቱ ምርጫ በትውልድ አገራቸው በደምቢ ዶሎ በግል ተወዳድረው አሸነፉ፤ ጥቅሙንም አጡ። አንዳንዱ ሕጉ ለእርሳቸው ሲባል የተሠራ ቀንበር ነው ይላል፤ ሌላው ርእሰ ብሔር የነበረ ሰው ከዚያ ክብር ወርዶ በወገን መድረክ መቆም የለበትም ይላል። ለሁለቱም የምሰጠው ግማሽ እውነት አለ። ሕጉ የተመኘው ነገር ቅዱስ ነው፤ የመረጠው መንገድ ግን ኅሊናን በጡረታ ማሰር ስለሆነ፣ ከወገን በላይ መሆንን ዝም ከማለት ጋር አንድ አደረገው። ሳሙኤል ከወገን በላይ የነበረው ዝም ስላለ አልነበረም።

የልብ መከፈል ምርጫን ምን እንደሚያደርግ የቅርቡ ዘመን ራሱ ይናገራል። ከ1997ቱ ምርጫ ቀጥሎ ደም ፈሰሰ፤ በ2002 ዓ.ም. ከ547ቱ የምክር ቤት ወንበሮች ገዥው ግንባርና አጋሮቹ 545ቱን፣ በ2007 ደግሞ ሁሉንም ያዙ። መሪዎቹ ይህን አንድነት ብለው ተደሰቱበት። ነገር ግን የማይስማማው ሰው በምክር ቤት ወንበር ቢያጣ አይጠፋም፤ ሌላ ስፍራ ይቆማል። ዓመት ሳይሞላ ኦሮሚያ በተቃውሞ ተነሣ፤ በ2008 ክረምትም ጎንደር፣ ባሕር ዳርና ደብረ ታቦር ሰልፍ ወጡ። ከዚያ በኋላ ፓርቲው በራሱ ውስጥ ተከፈለ፤ በውጭ ያልተፈቀደ ተቃዋሚ በውስጥ ይወለዳልና።

ከዚያም የ2012 ምርጫ መጣ፤ ይልቁንም ሳይመጣ ቀረ። በወረርሽኙ ምክንያት ሲራዘም የፌዴሬሽን ምክር ቤት የነበሩትን ምክር ቤቶች ዘመን አራዘመ፤ የትግራይ ክልል ደግሞ ያን ውሳኔ ሳይቀበል ጳጉሜን 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የራሱን ምርጫ አካሄደ። ማእከላዊው መንግሥት ያኛውን ምርጫ ኢሕገ መንግሥታዊ አለው፤ ክልሉም የማእከላዊውን ዘመን አልቋል አለ። ሁለቱም የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ ይጠቅሱ ነበር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ። እኔ በዚህ ላይ ማን ትክክል ነበር የሚለውን ለመፍረድ አልተነሣሁም፤ የምናገረው ፍርዱን የሚሰጥ፣ ሁለቱም የእኛ ነው የሚሉት አንድም ሦስተኛ አለመገኘቱን ነው፤ ርእሰ ብሔርም፣ ፍርድ ቤትም፣ ሽማግሌም፣ ጳጳስም። የሃይማኖት አባቶች ወደ መቀሌ ሄደው ለምነው ተመልሰዋል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ጋይንት ገባ፤ ነፋስ መውጫ ተያዘች፤ የደብረ ታቦር በዓል፣ ልጆች ሙልሙል ለመቀበል በየደጃፉ የሚጨፍሩበት ነሐሴ 13፣ በዚያ ዓመት አገሩን ያገኘው በከባድ መሣሪያ ድምፅ ውስጥ ነበር። ከዚያም ወዲህ በአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ተከትሏል፤ በእርሱም አንዱ ወገን መንግሥት ነኝ ሲል፣ ሌላው መንግሥት የለም ይላል።

ቤተ ክርስቲያንስ? እርስዋም ከዚህ ደዌ አላመለጠችም። በ1980ዎቹ አራተኛው ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ተለይተው ወደ ውጭ አገር ከሄዱና በአዲስ አበባ አቡነ ጳውሎስ ከተሾሙ በኋላ፣ ሩብ ምዕት ዓመት ያህል ሁለት ሲኖዶስ እየተወጋገዘ ኖረ። በ2005 ዓ.ም. አቡነ ማትያስ በድምፅ ተመርጠው ስድስተኛ ፓትርያርክ ሲሆኑም የተለያየው አልተገናኘም። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ግን በዋሽንግተን ዕርቀ ሰላም ወረደ፤ ውግዘቱ ተነሣ፤ አቡነ መርቆሬዎስ ወደ አገራቸው ተመልሰው በጸሎትና በቡራኬ፣ አቡነ ማትያስ በአስተዳደር፣ ሁለቱም ቅዱስ ተብለው በአንድ ቤተ ክርስቲያን ስማቸው ተጠራ። ቀኖናን አጥብቀው የሚያውቁ ሰዎች ይህ እንዴት ይሆናል ብለው ራሳቸውን ነቅንቀዋል፤ አንዱ መንበር ሁለት ፓትርያርክ አይችልምና። እኔ ግን የክብር ክፍፍሉ የልብን ክፍፍል ሲፈውስ ያየሁት አንድ ጊዜ ቢኖር ይህ ነው፤ የተከፈለው ሥልጣን አልነበረም ደዌው፤ ውግዘቱ ነበር።

ይህ ደዌ በሐዋርያትም መካከል ታይቷል፤ ከሦስቱ የታቦር ተራራ ምስክሮች ሁለቱ ያዕቆብና ዮሐንስ ነበሩ። የመለኮቱን ብርሃን በተራራው ላይ ካዩ በኋላ ሐዋርያት በመንገድ ማን ይበልጣል ብለው ተከራከሩ፤ ጥቂት ቆይቶም እነዚሁ ሁለቱ ወደ ጌታ ቀርበው አንዳችን በቀኝህ አንዳችን በግራህ እንቀመጥ ብለው ለመኑ። ዐሥሩ ተቈጡ፤ የተቈጡትም ልመናው ስለ ከፋ ነው ወይስ ስለ ተቀደሙ፣ አንባቢ ይፍረደው። ብርሃንን ማየት ለሥልጣን ከመቸኰል እንዳላዳናቸው ማሰብ ያስደነግጠኛል፤ ጸሎተኛ መራጭ ስለ ሆንን ብቻ ከወገን መንፈስ ነጻ ነን ለምንል ሰዎች በተለይ። ቀኝና ግራ ራሱ ግን ኀጢአት አይደለም። በእኛ አገር ማኅሌት በቆመ ጊዜ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ፊት ለፊት ተሰልፈው፣ አንዱ ሲያነሣ ሌላው እየተቀበለ፣ እየተፎካከሩም ጭምር ሌሊቱን ያነጋሉ፤ ቀኙ ከሳተ ግራው ያርመዋል፣ ግራውም ቀኙ ዝም እንዲል አይጸልይም፤ ዝም ካለ ማኅሌቱ ይቋረጣልና። የቤተ ልሔምና የቆማ ዜማ ቤቶችም የተለያየ ስልት ይዘው አንዱን ድጓ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ምክር ቤቶቻችን ከዚህ የሚማሩት ቢፈልጉ ሩቅ አገር መሄድ ባላስፈለጋቸው ነበር።

ወደ መራጩ ልመለስ፤ ስለ ተመራጩ ብዙ ተጽፏል፣ ስለ መራጩ ኅሊና ግን ጥቂት። ሳሙኤል ሳኦልን ቀብቶታል፤ የእርሱ እጅ ያለበት ሹመት ነው። ሳኦል ባጠፋ ጊዜ ግን ፊት ለፊት ገሠጸው፤ ከገሠጸውም በኋላ አለቀሰለት፤ እግዚአብሔር እስከ መቼ ታለቅሳለህ እስኪለው ድረስ። የቀባውን ሰው የሚገሥጽና ለገሠጸው ሰው የሚያለቅስ መራጭ በአገራችን ምን ያህል አለ? ተቃዋሚውን የሚገሥጽ መራጭማ በየቀበሌው ሞልቷል፤ ለዚያ ምርጫ እንኳ አያስፈልግም። የገዛ ወገኑ ሰው ሲያስር፣ ሲዘርፍ ወይም ሲዋሽ «ይህ በእኔ ድምፅ የሆነ ነው» ብሎ የሚጨነቅ ሰው ግን፣ ሥልጣን በሁለት ቢከፈል ወይም በአንድ ቢጠቀለል፣ ለሁለቱም ይበቃ ነበር፤ እርሱ በሌለበት ከሁለቱ ሥርዓቶች ማንኛውም ያው ነው።

ያው ሳኦል፣ በኢያቢስ ድል ቀን የናቁትን ያዳነው፣ ኋላ ዳዊትን በጠላ ጊዜ፣ የኖብ ካህናት ለዳዊት እንጀራ ሰጥተዋልና የእርሱ ወገን ናቸው ብሎ እንዲገደሉ አዘዘ። የተመረጠበት ዕጣም፣ የተቀባበት ዘይትም አልተለወጠም ነበር። በዙሪያው የቆሙት ዘበኞቹ፣ እንጀራውን የሚበሉ፣ ከእርሱ ጋር የሚዘምቱ፣ ከእርሱም ያልኮበለሉ የገዛ ሰዎቹ፣ በካህናቱ ላይ እጃቸውን ለማንሣት እምቢ አሉ። እምቢታቸው ግን ኖብን አላዳናትም፤ በአጠገቡ አንድ ዶይቅ ኤዶማዊ ቆሞ ነበርና፣ ለዚያ ቀን ሥራ እርሱ ብቻውን በቃ።